በክምሩ ላይ የጨመርኳቸው ድንጋዮች

ዛሬ ዙሪያው በሽቦ ታጥሯል። ዘበኛም ተቀጥሮለታል። ባለፈው ዓመት ልጄ እዚያ ድረስ ወስዳኝ ስንደርስ ዘበኛው ከቀርከሃ መጠለያው ወጥቶ፣ «እማማ፣ ከሽቦው ውጭ ሆነው ይዩ፤ ድንጋዩን መንካት ክልክል ነው» አለኝ። እሺ አልኩት። ልጄ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ ሸለቆው አዞረች። ታሪኩን ታውቃለች፤ ያኔ ጀርባዬ ላይ ነበረች።

ቦታው ከዲላ ወደ ቡሌ በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። ቡናው እየሳሳ ሄዶ ገብስና ቀርከሃ ሲተካው ከአንድ ጋራ ጫፍ ላይ ይታያል። ክብ የድንጋይ ክምር ነው፤ ቁመቱ ከወገቤ ከፍ ይላል፣ ስፋቱ አንድ ትልቅ ጎጆ ያህላል። መቃብር መሆኑን ሁሉም ያውቃል። የማን መሆኑን የሚያውቅ የለም። የተማሩት ሰዎች ታሪክ ከመጻፉ በፊት የነበረ ሕዝብ የቀበረው ነው ይላሉ። ያኔ ይህን የሚነግረኝ አልነበረም። እኔ ቄስ ዘንድ ሦስት ዓመት ፊደልና ዳዊት ነው የተማርኩት። ያን መቃብር ከአዳምና ከኖኅ ዘመን በየትኛው ላይ እንደማስገባው ሳስብ ውዬ ሳስብ አመሽ ነበር።

እዚያ የወሰደኝ የጣሊያን መምጣት ነው። ባሌ በዲላ የኬላ ጸሐፊ ነበር። ጦሩ ወደ ደቡብ ሲያፈገፍግ አብሮ ሄደና ወሬው ጠፋ። (ከሁለት ዓመት በኋላ በሕይወት ተመልሷል፤ ያኔ ግን ይህን አላውቅም።) በከተማው ዘረፋና ተኩስ ሲበዛ፣ ከሰሜን የመጣን ሰዎች ደጃችንን መክፈት ፈራን። በገበያ ቀን ቡላና ቅቤ ይዘው ወደ ቤቴ ይመጡ የነበሩ አንዲት የጌዴኦ ባልቴት አንድ ማለዳ መጡና፣ «ልጁን ያዝና ና» አሉኝ። ልጄ ሴት ናት፤ እኔም ሴት ነኝ። እሳቸው ግን አማርኛ የለመዱት ገበያ ላይ ስለነበር ሁሉንም «አንተ» እና «እሱ» ነበር የሚሉት። የእኔ ጌዴኦኛ ከሳቸው አማርኛ የባሰ ነበር፤ አፌን ስከፍት ጎረቤት ተጠራርቶ ይስቅ ነበር።

ዲላ ሳለሁ «አንቺ» እላቸው ነበር። ቤታቸው ገብቼ እሳታቸው ዳር ከተቀመጥኩ በኋላ ግን አፌ አልታዘዘኝም፤ «እማማ፣ እርስዎ» ማለት ጀመርኩ። ልብ ያሉት ይመስለኛል።

እኔ ፈሪ ነኝ፤ ስፈጠርም እንዲሁ ነኝ። ልጄ አራት ዓመቷ ነበር። እሳት፣ ላም፣ ገደል፣ ንፋስ፣ ያልፈላ ውሃ፣ የማላውቀው ሰው፣ ሁሉም እሷን ይወስድብኛል ብዬ አምን ነበር። እማማ ይህን ሲያዩ፣ «እሱን ቁርበት ውስጥ ስፋውና ተኛ» ይሉኝ ነበር።

ምንጩ ከጋራው ወዲያ ማዶ ስለሆነ መንገዱ በክምሩ ጎን ያልፋል። መጀመሪያ ምንጩን ሊያሳዩኝ ሲወስዱኝ እማማ በዱላቸው ጠቆሙና፣ «ከዚህ ድንጋይ አትውሰድ። ለጉልቻም፣ ለወፍጮም፣ ለአጥርም» አሉኝ። ማን ተቀብሮበት እንደሆነ ጠየቅሁ። አያውቁም። አያቶቻቸው እንደሆኑ ጠየቅሁ። አይደሉም፤ የእሳቸው ሰዎች ወደዚህ አገር ሲመጡ ክምሩ እዚሁ ነበር ይባላል። ታዲያ የእናንተ ካልሆነ ለምን ትጠብቁታላችሁ አልኳቸው። እማማ ጥያቄው ሞኝነት እንደሆነ ሁሉ ቆም ብለው አዩኝ።

«የእኛ ቢሆን እንለምነው ነበር» አሉ። «አባቴ፣ ጉልቻ ቸግሮኛል፣ አንድ ስጠኝ እል ነበር። የማን እንደሆነ ሳታውቅ ማንን ትጠይቃለህ?»

ይህ ንግግር ከውስጤ አልወጣ አለ። ከዚያ ወዲህ እንስራ አዝዬ ባለፍኩ ቁጥር ቆሜ አየው ነበር። በአካባቢው እንደዚያ ያለ ጥቁር ድንጋይ የለም፤ ከየት ነው ያመጡት? ከሥር ያሉት አራት ጎልማሳ የማያነሳቸው ናቸው። ከመካከላቸው ግን የሕፃን ጡጫ የሚያህሉ አሉ። ልጆችም ተሸክመው ነበር ማለት ነው። የሟቹ ልጆች ይሆኑ? ወይስ ሟቹ ራሱ ልጅ ነበር፣ እናቱስ የትኛውን ድንጋይ አስቀመጠች? ራሱ ወደ ፀሐይ መውጫ ነው ወይስ ወደ መግቢያ? ወንድ ይሆን ሴት? በድንጋዮቹ መካከል ያሉት ክፍተቶች ጨለማ ናቸው። አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ ባይ እንሽላሊት ዓይኑን ዓይኔ ላይ ተከለ፤ እንስራዬን ልሰብረው ነበር።

በእናቴ አገር መንገደኛ እንዲህ ያለ ክምር ሲያጋጥመው ዝም ብሎ አያልፍም። ከዳገቱ ላይ ሆኖ ቤተ ክርስቲያን መጀመሪያ በሚታይበት ቦታ፣ ወይም ሰው ሳይናዘዝ መንገድ ላይ በሞተበት ቦታ፣ አንድ ድንጋይ ያነሳል፣ «ማረኝ» ብሎ ይጨምራል። ልጅ ሆኜ አባቴ እጄን ይዞ አስተምሮኛል። እማማ ያሉኝ አትውሰድ ነው። መጨመር መንካት ነው የሚለው በሐሳቤም አልመጣም። እንዲያውም የባለቤቱን ክብር እንዳበዛሁ ቆጠርኩት።

እናም ውሃ በቀዳሁ ቀን ሁሉ ከገብሱ ማሳ ዳር አንድ ድንጋይ እያነሳሁ ስለ ባሌ ጨመርኩ። አምላኬ፣ የት እንዳለ አላውቅም፣ አንተ ታውቃለህ እያልኩ። ከምንጩ በኩል ባለው ጎን ነበር የማስቀምጠው። ያ የሴቶች መንገድ ነው፤ ወንዶቹ በዚያ አያልፉም። የእማማም ጉልበት ስለሚያማቸው እኔ ከመጣሁ ወዲህ ውሃ መውረድ ትተዋል። ያየኝ ሰው ቢኖርም ጠያቂ አልነበረኝም።

ክረምቱ ሲገባ አንድ የጣሊያን ሹም አስተርጓሚና ወታደሮች አስከትሎ ወደ መንደሩ ወጣ። የተደበቀ ጠመንጃ እያሰሰ ነበር። ይህ ሹም ለጥንት ድንጋይም ፍቅር ያለው ነው ይባላል፤ ከኛ በታች ካለ ጋራ ላይ የተቀረጸ የቆመ ድንጋይ አስነቅሎ በበቅሎ ሊያስጭን ሲል ለሁለት ተሰብሮበታል። ሲዞር ውሎ በምንጩ በኩል ክምሩ አጠገብ ደረሰ። አሮጌዎቹ ድንጋዮች የድንጋይ ሽበት አውጥተዋል፤ ግራጫና ነጭ ሆነው ደርቀዋል። የእኔዎቹ ቀይ አፈር ለብሰው ከላያቸው ተቀምጠዋል። ዕውር እንኳ ይለያቸዋል።

የእማማ የሟች ባላቸው ወንድም በመንደሩ የተከበሩ ሽማግሌ ነበሩ። ሹሙ እሳቸውን አስጠርቶ ጠየቃቸው። ሽማግሌው ከአያታቸው አያት ጀምሮ ይህን ክምር የሰው እጅ ነክቶት እንደማያውቅ፣ ማንም እንደማይወስድበት ማንም እንደማይጨምርበት፣ መቃብሩ ፊት ቆመው ማሉ። ሹሙ አንዱን ድንጋይ በጣቱ አበሰና በቀይ አፈር የቆሸሸውን ጣቱን አሳያቸው። እሳቸውን ወሰዷቸው። በሦስት ቀን ውስጥ ከሥሩ የቀበራችሁትን ጠመንጃ ካላወጣችሁ እኛ ቆፍረን እናወጣዋለን፣ ሽማግሌውም ዲላ ወህኒ ይወርዳሉ ተባለ።

ይህን የሰማሁት ከእማማ ጋር እንሰት እየፋቅን ሳለ ጎረቤት መጥታ ስታወራ ነው። እማማ ስለ እስሩ ብዙ አልተናገሩም። ያስደነቃቸው ሌላ ነበር። የባላቸው ወንድም በመቃብር ፊት ሐሰት መማላቸውን ማመን አልቻሉም። ልጄን ይዤ ልጥፋ ብዬ አሰብኩ፤ የት? ጎረቤቲቱ እስክትሄድ ጠበቅሁና፣ «እማማ፣ እኔ ነኝ» አልኳቸው። ስለ ምን እንደምናገር አልገባቸውም። የአባቴን ልማድ፣ የባሌን ነገር፣ የገብሱን ማሳ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው።

መፋቂያቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ሳቁ። ከሳቃቸው ቁጣቸው ይሻለኝ ነበር።

«ባልህ ሞቷል?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

«ካላወቅህ ለምን ከሙት ጋር ታስተኛዋለህ?»

ተነስተው ዱላቸውን ይዘው ወደ ሶንጎ ሄዱ። ሶንጎ ማለት ሽማግሌዎች ለዳኝነት የሚሰበሰቡበት ቦታ ነው። እኔ ከእንሰቱ ጀርባ ልጄን አቅፌ ተቀምጬ ሰማሁ፤ የገባኝ ግማሹ ነው፣ ግማሹን እማማ በኋላ ነገሩኝ። አንዳንዱ አሳልፈን እንስጣት አለ። የኬላው ጸሐፊ ሚስት መሆኔን ሁሉም ያውቃል፤ ባሌም በዚያ ሥራው ማንንም አላስደሰተም፣ ይህን መሸፋፈን አልችልም። አንዱ፣ «ባሏ በቀለም ቆጠረን፣ እሷ ደግሞ በድንጋይ ቆጠረችን» ሲል ሶንጎው ሁሉ ሳቀ። እማማ ግን ሲመልሱ፣ ይህች ሰው የገባችው በእኔ ደጅ ነው፣ የምትወጣውም በእኔ ደጅ ነው አሉ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ላኩልኝ። ድንጋዮቼን ለይቼ አውቃቸው እንደሆነ።

እያንዳንዱን አውቃለሁ አልኩ። እውነት ነበር። የትኛውን በየትኛው ቀን እንዳስቀመጥኩ፣ ልጄ ስታስል ያኖርኩትን፣ ዝናብ ሲዘንብ ያኖርኩትን፣ ሁሉንም አውቃለሁ።

የተፈረደው እንዲህ ነው። ያኖረች ታንሳ፤ የሌላ ሰው እጅ አይግባበት። ያነሳቻቸውን ወደ መጡበት ማሳ ትመልስ። ከአሮጌው አንዲት ጠጠር ብትነቃነቅ ግን ጣሊያንም አያድናትም።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ጋራው በጉም ተሸፍኖ ነበር። ልጄን ለማን ልተዋት? ብተዋት እኔን ወስደው እሷ ትቀራለች፤ ብወስዳት አብራኝ ትታሰራለች። ቢወስዱኝ ሁለታችንንም ይውሰዱን ብዬ፣ እግሯ መሬት ሊነካ ሲደርስ ጀርባዬ ላይ በነጠላ አሰርኳት። እማማ አዩን። የቁርበቷን ቀልድ ያን ቀን አልቀለዱም።

ሹሙ ካፖርቱን ደርቦ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ጉልበቱ ላይ ደብተር አለ፣ ክምሩን ይሥላል። ወታደሮቹ ዶማና አካፋ ይዘው ቆመዋል። ሽማግሌው በሁለት ወታደሮች መካከል ናቸው፤ ቀና ብለውም አላዩኝም። የመንደሩ ሰው ከጉሙ ውስጥ ራቅ ብሎ ቆሟል። እማማ ከኋላዬ ነበሩ።

አስተርጓሚው ከመረብ ማዶ የመጣ ሰው ነበር። አነጋገሬን ሲሰማ ከዚህ አገር እንዳልሆንኩ ወዲያው ገባው። ምን ቀብረሽ ነው አለኝ። ምንም አልቀበርኩም፣ ድንጋዮቹን መንገደኛ እንደሚያደርገው ነው የጨመርኳቸው አልኩት። ፊቱ ተለወጠ።

«ስለ ማን ነው?» አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ስለ ባሌ።»

«የት ነው ባልሽ?»

«እሱን ባውቅ ድንጋይ ምን ያሸክመኝ ነበር?»

አስተርጓሚው ወደ ሹሙ ዞረና ረጅም ነገር ተናገረ። ምን እንዳለው እስከ ዛሬ አላውቅም። የባሌን ነገር ነግሮት ይሁን፣ ስለ ራሱ አገር ልማድ አውርቶት ይሁን፣ ያለኝ ግምት ብቻ ነው። ሹሙ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ በእጁ ምልክት ሰጠኝ፤ አንሺ።

ማንሳት ጀመርኩ። ልጅ አዝሎ ጎንበስ ቀና ማለት ቀላል አይደለም። አንድ ባነሳሁ ቁጥር ከሥሩ ያለው አሮጌ ድንጋይ ከነሽበቱ ብቅ ይላል፤ አስተርጓሚው ጎንበስ ብሎ ያይና ለሹሙ ይነግረዋል። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነበር። እያንዳንዱ ድንጋይ ጸሎት ነው፤ አንዱን ባነሳሁ ቁጥር ባሌን ከአንድ ቦታ የማስነሳው መሰለኝ። አምላኬ፣ ድንጋዩን ነው እንጂ ቃሌን አላነሳሁም እያልኩ ወደ ጎን ደረደርኳቸው።

ሁሉም ካለቀ በኋላ አንድ ድንጋይ አጠራጠረኝ። መሐከለኛ ነው፤ በአንድ በኩል አፈር አለበት፣ በአንድ በኩል ሽበት አለበት። እያንዳንዱን አውቃለሁ ብዬ ነበር። ይህን ግን አላወቅሁትም። የእኔ ሆኖ ብተወው ሹሙ ያስቆፍራል፣ የአሮጌው ሆኖ ባነሳው የሶንጎውን ፍርድ አፈርሳለሁ። ሥሩን ሳላይ አልለየውም። ቀስ ብዬ ከአንድ ጎን ከፍ አደረግሁት።

ከሥሩ የሸረሪት እንቁላልና ደረቅ ሽበት ነበር። አሮጌ ነው፤ አፈሩ ከእኔ ድንጋዮች የረገፈበት ነው። መልሼ ማስቀመጥ ነበረብኝ። ግን ክፍተቱ ተከፈተ፣ ቀዝቃዛ አየር ፊቴን ነካኝ፣ ዓይኔም ወደ ውስጥ ገባ። አንድ ቀጭን የዛፍ ሥር አየሁ። ከሥሩ ጀርባ ደግሞ የተጠረበ ድንጋይ ነበር፤ ላዩ ላይ ሁለት ቅስት መስመሮች እንደ ቅንድብ ተቀርጸዋል፣ በመካከላቸው ወደ ታች የሚወርድ ቀጥ ያለ አንድ ጭረት። ፊት ነበር። ወይም ፊት ነው ብዬ እንድል የሚያደርግ ነገር ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ስጠይቀው የኖርኩት ነገር ከአፍንጫዬ ፊት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ።

«መልስ» አሉ እማማ ከኋላዬ።

መለስኩት።

ሹሙ ከደብተሩ ቀና አለ። ለምን መለሰችው ብሎ አስጠየቀኝ። የእኔ አይደለም፣ አሮጌ ነው፣ ሥሩን ያዩታል አልኩ። አስተርጓሚው ድንጋዩን ሳያነሳ ጎኑን በጣቱ ዳሰሰ፤ ሽበቱ አልለቀቀም። ሹሙ አሁንም አንድ ነገር አለ። አስተርጓሚው ወደ እኔ ዞረ።

«ውስጡ ምን አየሽ ይላል።»

በዚያ ክፍተት ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። የታችኛው ጋራ ድንጋይ እንዴት ለሁለት እንደተሰበረ ሰምቻለሁ። የተቀረጸ ነገር አለ ብል ዶማው ያርፋል፤ ጠመንጃ ባይገኝም ይቆፈራል። መዋሸትም አልፈለግሁም፤ ከቤት ስወጣ በመስቀሉ ምዬ እውነት እናገራለሁ ብያለሁ። እውነቱን ለመናገር ደግሞ፣ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ፣ ቢቆፈር እኔም አያለሁ የሚል ሐሳብ መጥቶብኝ ነበር። አንድ ትንፋሽ ያህል መጣና ሄደ። ሽማግሌውን አየሁ። አሁን ቀና ብለው ያዩኝ ነበር።

«ጨለማ ነው» አልኩ። «የዛፍ ሥር አየሁ።»

ተተረጎመ። ሹሙ ክምሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ጀርባዬ ላይ የምትወራጨውን ልጅ አየ። በዚያው ጉሙ ወደ ዝናብ ተለወጠና ደብተሩ ላይ መንጠባጠብ ጀመረ። ዘጋው፤ ካፖርቱ ውስጥ ከተተው። ለወታደሮቹ አንድ ቃል ተናገረ፣ ዶማዎቹ ወደ ትከሻ ወጡ። አስተርጓሚው ሲሄድ በአጠገቤ አልፎ፣ «ልጅቷን አውርጃት፣ ወገብሽ ይቆረጣል» አለኝ። ሽማግሌውን እዚያው ለቀቋቸው።

ሽማግሌው ወደ ክምሩ መጥተው ዙሪያውን አንድ ጊዜ ዞሩ። ያነሳሁበትን ቦታ እያንዳንዱን አዩ። ለእኔ አንድ ቃል አልተናገሩኝም፤ ለእማማ ግን በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር ነገሯቸው። በኋላ ስጠይቅ፣ መሐላዬ ተመለሰልኝ ነው ያሉት አሉኝ።

ድንጋዮቹን ወደ ማሳው ዳር ለመመለስ በቅርጫት ሰባት ጊዜ ተመላልሻለሁ። እማማ የድንጋዮቹን ነገር በእጃቸው መንካት ስለማይችሉ ልጄን ይዘውልኝ በዱላቸው እየተደገፉ አብረውኝ ወጡ፣ ወረዱ። ዝናቡ ቆሞ ነበር። በመጨረሻው ጉዞ መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። እማማ ቆም አሉ፣ ወደ ኋላ አዩ፣ ወደ ፊትም አዩ።

«ምንድን ነው ያየኸው?» አሉኝ።

ገረመኝ። ሥር ብቻ እንዳየሁ ስናገር እዚያው ነበሩ። ግን «መልስ» ያሉኝ እሳቸው ናቸው፤ ጀርባዬ እንዴት እንደደነገጠ ያዩም እሳቸው ብቻ ናቸው።

«ፊት» አልኳቸው። «የተቀረጸ ፊት ይመስላል።»

«የወንድ ነው የሴት?»

«አልለየሁትም። ቅንድብና አፍንጫ ብቻ ነው።»

ጥቂት አሰቡ። ሰባ ዓመት ሙሉ በዚያ መንገድ ውሃ ሲቀዱ የኖሩ ሴት ናቸው።

«ዓይኑስ? ክፍት ነው ወይስ ጨፍኗል?»

«ዓይኑን አላየሁም፣ እማማ። መልስ አሉኝ እኮ።»

ምላሳቸውን ጠቅ አደረጉ። እስከ ቤት ድረስ እንደተቆጡ ነበር የሄዱት።